ሸጋ ሆነን የሄድንበት ምርመራ

«ምነው ቀድማችሁ ብትመጡ?» አለችኝ ነርሷ።

ጎንደር ከተማ፣ አንድ የዓይን ክሊኒክ ውስጥ ነን። እናቴ አገጯን ከመመርመሪያው መሣሪያ ላይ አንስታ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። ነርሷ ክፉ ሴት አትመስልም። በቀን ለስንቱ ሰው የምትለው ነገር ስለሆነ አፏ ለምዶት ነው እንጂ እኛን ለማሳፈር ብላ አልነበረም። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ቀድመን መጥተን ነበራ! ካቻምና፣ እናቴ በቀኝ ዓይኗ ከዘር ገብስ መሃል እንክርዳድ ለይታ ትለቅም በነበረበት ጊዜ፣ በእግራችን ሄደን፣ ፀሐይ ላይ ተሰልፈን፣ ታይተን፣ «ደህና ናት» ተብለን ተመልሰናል። ዛሬም በየስብሰባው፣ በየሬዲዮው «ኅብረተሰባችን ቀድሞ የመመርመር ልማድ የለውም» የሚል ሰው ስሰማ ጥርሴን ነክሼ ነው የማዳምጠው።

እኔ አዘዞ ውስጥ ሳይንስ የማስተምር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። የተወለድኩት ግን ጃናሞራ ነው፤ ከመካነ ብርሃን ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ፣ ከገብስና ከበግ በቀር ብዙ ነገር የማይስማማው ብርዳም መንደር። እናቴ እዚያው ናት። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከእኔ ጋር ከተማ ግቢ ብላት አሻፈረኝ ብላ ከታናሽ ወንድሜና ከሚስቱ ጋር ትኖራለች።

በእኛ አገር የሴት ዓይን ከሴቲቱ ቀድሞ ያረጃል። ልጅ ሳለች ይቀላል፣ ይለጠፋል፤ ይሻለዋል፤ እንደገና ይቀላል። አግብታ ስትወልድ ደግሞ ከልጆቿ መልሶ ይይዛታል። ሐኪሞች ትራኮማ ይሉታል። ሲደጋገም የላይኛው የዓይን ቆብ ከውስጥ ጠባሳ ያበጅና ይኮማተራል፤ ያኔ ሽፋሽፍቷ ወደ ውጭ ማደጉን ትቶ ወደ ውስጥ ይዞራል። ዓይኗን በከደነችና በገለጠች ቁጥር የገዛ ፀጉሯ ብሌኗን ይፍቃታል። ዓይኑ ውስጥ አንዲት ገለባ ገብታበት የምታውቅ ሰው፣ ያቺ ገለባ ዓመቱን ሙሉ አልወጣም ብትለው ምን ሊሆን እንደሚችል ይገምት።

የሴቶቻችን መድኃኒት ወረንጦ ነው። ቀጥቃጭ የሚሠራት፣ ከጣት የማትበልጥ የብረት መቆንጠጫ ናት፤ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያስሯታል። ብቻ ወረንጦ ያላት ሁሉ ለራሷ መንቀል አትችልም፤ ዓይኑ የሚያይ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሌላ ሰው ያስፈልጋታል። በሰፈራችን ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ ነው የጀመርኩት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሴቶቹ ፀሐይ ላይ ተራ በተራ ራሳቸውን ጭኔ ላይ ያሳርፉና እነቅልላቸዋለሁ። እጇ ቀላል ነው ተብሎ ከማዶ መንደር ሳይቀር ይመጡ ነበር። ስጨርስ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው «እፎይ! እጅሽ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ» ይሉኛል። በምርቃት ብዛት ዕድሜ የሚረዝም ቢሆን ማቱሳላ በእኔ ፊት ሕፃን ይሆን ነበር።

አድጌ፣ ኮሌጅ ገብቼ፣ መምህርት ሆኜም ይህ ሥራ አልቀረልኝም። ለበዓል ስወጣ፣ ከደባርቅ በቧሂት ተራራ ያለውን ብርድ ችዬ ከመኪና ወርጄ፣ መንደር ደርሼ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ «ዓይናችን መጣች» እያሉ ይሰበሰባሉ። ደስ ይለኝ ነበር። ለምን እዋሻለሁ፤ ክፍል ገብቼ ከማስተምረው ትምህርት ይልቅ በዚህ ሥራዬ ሰው የምጠቅም ይመስለኝ ነበር። እናቴ ግራ ዓይኗን ያጣችው ኮሌጅ ሳለሁ ነው፤ ነጭ ለብሶ ቀረ። ያን ጊዜ እንኳ ጥፋቱ የእኔ አለመኖር መስሎ ታየኝ እንጂ የወረንጦው መኖር አልመሰለኝም። ቀኟን ግን ማንም አይነካብኝም ብዬ ለራሴ ማልኩ። አንዲት ዓይን ናት የቀረቻት፤ ያቺን እጠብቅላታለሁ አልኩ።

እንዲህ የምለው እኔ አዘዞ ስመለስ ሌላ ሰው ነኝ። በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ዕድሜ ማርዘም ዋናው ወሬ ነው። አንዱ በጠዋት ተነስቶ ይሮጣል፤ አንዷ ነጭ ሽንኩርት በሎሚ በባዶ ሆዷ ትጠጣለች፤ ሌላው በየሳምንቱ የደም ግፊቱን ይለካና ልጁ የመጣለትን የፈተና ውጤት እንደሚያወራ አባት ቁጥሩን ይነግረናል። እኔም ስኳሬን ተለክቻለሁ፤ ጨው ቀንሻለሁ። ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብዬ እጽፋለሁ፤ ስለ ፊት መታጠብ፣ ስለ ዝንብ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት እጠይቃለሁ፤ ለመለሰው አስጨበጭባለሁ። ያቺው መምህርት በበዓል ወጥታ የእናቷን ሽፋሽፍት ትነቅላለች። የተነቀለው ፀጉር፣ ይልቁንም ተሰብሮ የቀረው፣ መልሶ ሲበቅል አጭርና ደረቅ ሆኖ፣ የታጨደ ማሳ ባዶ እግርን እንደሚወጋው ዓይንን እንደሚወጋ የነገረኝ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። የማስተምርበት መጽሐፍ ላይ ያልተጻፈ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ቆቡን በቀዶ ሕክምና ወደ ቦታው መመለስ እንደሚቻል ግን ሰምቻለሁ። ለእናቴ ስነግራት «ምላጭ ወደ ዓይኔ? ወዲያ!» ትለኛለች። «አንቺ ካለሽልኝ ምን ጎደለኝ?» ነበር መልሷ። ይህን ስትለኝ ልቤ ውስጥ ደስታ ይሰማኝ እንደነበር ዛሬ ሳስታውስ ራሴን በጥፊ መምታት ያሰኘኛል።

ካቻምና በጥር፣ ለመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ወጥቼ ሳለ፣ የዓይን መርማሪዎች ሐሙስ ቀን ጤና ኬላው ድረስ እንደሚመጡ ተነገረ። የተናገሩት የቀበሌው ለፋፊ ሽማግሌ ናቸው፤ ገበያ መሃል ድንጋይ ላይ ቆመው በድምፅ ማጉያ ነው የሚጮኹት። ቀኑን፣ ቦታውን፣ በነጻ መሆኑን፣ ፀጉር የዞረበት ሰው እዚያው ቀዶ ሕክምና እንደሚደረግለት ተናገሩ። ከድንጋዩ ሲወርዱ ጠጋ አልኳቸው።

«አያ፣ ሌላ የተባለ ነገር የለም? ምን አድርገን እንምጣ?»

«ምንም አልተባለ ልጄ። ፊታችሁን ታጠቡና ሸጋ ሁናችሁ ኑ። ሐኪም ፊት ነው እኮ የምትቀርቡ።»

ፊት መታጠቡን ከላይ ነግረዋቸው ነው፤ «ሸጋ ሁናችሁ» የምትለዋ የራሳቸው ጭማሪ ናት። በእሳቸው አልፈርድም። ሌላ ምንም አልተሰጣቸውም፤ ባዶውን ቦታ ባላቸው ነገር ሞሉት።

እናቴን ለማሳመን ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አኮረፍኳት። በመጨረሻ «እሺ፣ ለመታየት ያህል ብቻ» አለች። ሐሙስ ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን ነጠላ ለብሳ፣ ወረንጦዋን ከአንገቷ ፈትታ ሰጠችኝ።

«በይ ልቀሚልኝ» አለች። «እንዲህ እንባዬ እየወረደ፣ እንዲህ ተጨማምቼ ሰው ፊት አልቀርብም።»

እንግዳ ሲመጣ ደጅ ይጠረጋል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ንጹሕ ይለበሳል። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ደግሞ ዓይን ይለቀማል። ለእኛ ይህ ጥያቄ የሚያስነሳ ነገር አልነበረም። ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ተቀመጥንና ጀመርኩ። የዚያን ዕለት እንደነቀልኩት አድርጌ ነቅዬ አላውቅም። ቆቡን እየገለበጥኩ፣ ጥግ ጥጉን ሳይቀር፣ አንዲት ሳላስቀር ለቀምኩላት። አብራን ልትሄድ የመጣችው ጎረቤታችን፣ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ ወላድ ናት፣ «ለእኔም እንጂ!» ብላ ተጋደመች። እሷንም ነቀልኳት። ጨርሼ ወረንጦውን አጥቤ መልሼ እናቴ አንገት ላይ አሰርኩት። ሊያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኸው ነው።

ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ «አክሞ ከማዳን አስቀድሞ መከላከል» ተብሎ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል። ከጽሑፉ ሥር ተሰለፍን። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ፀሐዩ ይለበልባል፤ አሮጊቶቹ ነጠላቸውን ግንባራቸው ላይ ጎትተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። መርማሪው ወጣት ነው። ግንባሩ ላይ ማጉያ መነጽር አስሯል፤ በእጁ ባትሪ ይዟል። ከጎኑ የሚጽፍለት ሌላ ሰው አለ። ተራችን ሲደርስ እናቴን ወንበሩ ላይ አስቀመጣት።

«ቀና በይ እናቴ። ወደ ታች እይ። ወደ ላይ እይ።» ብርሃኑ ግራ ዓይኗን አልፎት ሄደ፤ «ይኼኛው አንዴ ሄዷል» አለ። ቀኙ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ለሚጽፈው ሰው «ፀጉር የለም። ደህና ናት» አለው። «ቀጣይ!»

እኔ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሜያለሁ። ያን ፀጉር በገዛ እጄ ከነቀልኩት ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ለምን? እሱ የተማረ ነው፣ ሥራው ነው፣ ያውቃል ብዬ ነው። ይህ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሰው ሲጠይቀኝ የምናገረውም ይህንኑ ነው። ሁለተኛውን ግን ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም። «ፀጉር የለም» ሲል ሥራዬ የተመሰገነ መሰለኝ። ሐኪም በመነጽር ፈልጎ አንዲት ፀጉር አጣብኝ ብዬ ኮራሁ። የኮራሁት በእናቴ ዓይን ላይ ነው።

ጎረቤታችንም ተቀመጠች፤ እሷም «ደህና ናት» ተባለች።

መንገዱን ሙሉ እናቴ ስትመርቅ ነበር፤ መርማሪውን፣ መንግሥትን፣ እኔን፣ ማጉያውን የሠራውን ፈረንጅ ሳይቀር። ከዚያ ወዲያ ሕክምና ባነሳሁባት ቁጥር «ምነው፣ ሐኪሙ ደህና ነሽ አላለኝም? አንቺ ከሐኪም ልትበልጪ ነው?» ትለኛለች። ያቺ ቃል ናት የጎዳችን። ሳትመረመር ብትቀር ቢያንስ ትፈራ ነበር፤ ፈርታም አንድ ቀን ትሄድ ነበር። ተመርምራ ደህና ስለተባለች መፍራቱን ተወችው። እኔም ተውኩት። ካልታየ ሰው ይልቅ ሳይታይ ታይቷል የተባለ ሰው የባሰ አደጋ ላይ እንዳለ ማን ያስረዳኝ?

ፀጉሩ ግን «ደህና ናት» መባሉን አልሰማም። በወሩ ተመልሶ መጣ። መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ እኔ ከአንድ ዓመት በላይ መውጣት አልቻልኩም። የወንድሜ ሚስት ትነቅልላት ነበር፤ እሷ ደግሞ በሥራ መሃል እየተጣደፈች፣ ግማሹን እየሰበረችው። በስልክ «ዓይንሽስ?» ስላት «ሸጋ ነው፣ አታስቢ» ትለኛለች። ዘንድሮ ለመስቀል መንገዱ ተከፍቶ ስወጣ እናቴን ደጅ ላይ አገኘኋት። አምስት እርምጃ ሲቀረኝ ፊት ለፊት እያየችኝ፦

«ማነሽ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። ድምፄን ስትሰማ ደነገጠችና «ፀሐዩ ዓይኔ ገብቶ ነው» አለች። ፀሐይ አልነበረም፤ ጭጋግ እስከ ደጃችን ወርዶ ነበር። ወንድሜን ጠየቅኩት። ከሰኔ ጀምሮ ገብሱን እየለቀመች ሳይሆን እየዳሰሰች እንደሆነ፣ ውኃ ስትቀዳ ከጣሳው ውጭ እንደምታፈስ፣ ለእኔ እንዳይነግረኝ እንዳስማለችው ተናዘዘ። በሦስተኛው ቀን ይዣት ጎንደር ወረድኩ።

እንግዲህ ነርሷ «ምነው ቀድማችሁ ብትመጡ» ያለችኝ በዚህ መሃል ነው።

«መጥተን ነበር» አልኳት። «ካቻምና ተመርምራ ደህና ናት ተባለች።»

«እንዴት ይሆናል? ይሄ እኮ የቆየ ነው። ቆቡ ሙሉ በሙሉ ዞሯል።» እንደገና ጎንበስ ብላ አየቻት። «እማማ፣ ይነቅላሉ እንዴ?»

እናቴ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። «እሷ ናት የምትነቅልልኝ። እጇ ሸጋ ነው፣ አያምም።»

«ለምርመራው ስትሄዱም ነቅለሻቸው ነበር?»

«አዎ። በዚያው ጠዋት።»

ነርሷ እጇን ግንባሯ ላይ ጫነች። «አንቺ የተማርሽ አይደለሽ? ምርመራ የሚሄድ ሰው ነቅሎ ይሄዳል?»

«ሰው ፊት የሚቀርብ ሰውስ ሳይታጠብ ይሄዳል?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ወንበር ላይ የነበሩት በሽተኞች ሁሉ ዞሩ። «ለስኳር ምርመራ ስሄድ ሳትበዪ ነይ ትሉኛላችሁ። ለሆድ ምርመራ ውኃ ጠጥተሽ ነይ ትላላችሁ። ለእኛ የተባለው ፊት ታጠቡ ብቻ ነው። ያን ሁሉ መኪና፣ ያን ሁሉ ነዳጅ፣ ያን ሁሉ ሰው ተራራ ላይ ስታወጡ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ‹አትንቀሉ› ቢል ምን ይጎድልበት ነበር?»

ነርሷ አሁን ዝግ ባለ ድምፅ፣ «መጠየቅ ነበረበት» አለችኝ። «‹ትነቅያለሽ ወይ› ብሎ መጠየቅ የምርመራው አንድ ክፍል ነው። ደግሞስ ወረንጦዋን አላየም?»

«ወረንጦዋ አንገቷ ላይ ነበረች» አልኳት።

ይህን የተናገርኩት እኔ ልሁን እንጂ ትርጉሙ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። አንገቷ ላይ ነበረች! እኔው ራሴ አጥቤ አስሬላት፣ ከማተቧ ጎን፣ ከነጠላዋ በላይ። የባትሪው ብርሃን ከአገጯ ወደ ዓይኗ ሲወጣ ያለፈው በእሷ ላይ ነው። በአገራችን ወረንጦ አንገቷ ላይ ያሰረች ሴት «ዓይኔን ታምሜያለሁ» ብላ ጽፋ የለጠፈች ማለት ናት፤ ፊደል የማይቆጥር እረኛ እንኳ ያነበዋል። ሰውዬው ግን ፀጉር ፈልግ ተብሎ ተልኳልና ፀጉር ፈለገ። ስንት ሰው እንዳየ ይጠየቃል፤ ምን እንዳየ የሚጠይቀው የለም። እኔ ደግሞ ሁሉንም አይቼ፣ ሁሉንም አውቄ፣ አፌን ዘግቼ ቆምኩ። ከሁለታችን ማን እንደሚብስ አስቤ አስቤ አልደረስኩበትም። በእሱ ስናደድ ራሴ ትዝ ትለኛለች፤ በራሴ ስናደድ ያ ባትሪው ትዝ ይለኛል።

የክሊኒኩ ዶክተር ቆቧን በቀዶ ሕክምና መለሰው። ያን ያህል የፈራችው ነገር አንድ መርፌና አጭር ጊዜ ሆኖ አለቀ። «ከእንግዲህ ፀጉሩ አይፍቅም» አለን። «ብሌኑ ላይ ያለውን ጠባሳ ግን እኔ ላነሳው አልችልም። የቀረውን ነው የምንጠብቀው።» የቀረው ብርሃንና ጥላ ነው። የሚንቀሳቀስ ሰው ታያለች፤ ማን እንደሆነ አትለይም። በዚያው ቀን ሌላ ሌላውንም መረመሯት። ግፊት የላትም፤ ስኳር የላትም፤ ልቧ የወጣት ነው። «ገና ብዙ ዓመት ይኖራሉ» አላት ዶክተሩ፣ ሊያጽናናት ፈልጎ። ከክሊኒኩ ስንወጣ ክንዴን ይዛ ደረጃውን በእግሯ እየፈለገች ትወርዳለች፤ እኔ የማስበው ያን ብዙ ዓመት ነው። የምርቃቱ ዕድሜ ደርሷታል፤ የምታይበትን ግን እኛ ነጠቅናት።

ዘንድሮ በጥር ምርመራው ተመልሶ እንደሚመጣ ሰማሁ። ከጥምቀት ማግሥት፣ ከሕክምናው በኋላ ወደ ቤቷ ወደተመለሰችው እናቴ ዘንድ ወጣሁ፤ እስከ ምርመራው ሁለት ሳምንት ይቀራል። ከቤት ቤት እየዞርኩ «እስከዚያ ቀን አትንቀሉ» አልኩ። ፀጉሩ ይታይ፤ ያኔ ይጽፏችኋል፤ ያኔ በቀዶ ሕክምና ይሠሯችኋል። ለፋፊውን ሽማግሌ አግኝቼ «አያ፣ ዘንድሮ አትንቀሉ ብለው ይጨምሩበት» ስላቸው ጨመሩበት፤ እግዜር ይስጣቸው። ሴቶቹ ግን ሊሰሙኝ አልፈለጉም። ያን ሁሉ ዘመን የነቀልኩበት እጄ አመድ አፋሽ ሆነ። አንዷ «ከከተማ ትዕቢት ይዛ መጣች» አለች፤ ሌላዋ ሰላምታ ነሳችኝ።

በስምንተኛው ቀን ጎረቤታችን መጣች። ዓይኗ አብጧል፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ መስመር ሠርቷል፤ አራስ ልጇን በጀርባዋ አዝላለች። ሳትጠይቀኝ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ፣ መሬት ላይ ተጋድማ ራሷን ጭኔ ላይ አደረገች።

«አንዲቷን ብቻ። ጥግ ላይ ያለችዋን።»

«አይሆንም። ስድስት ቀን ነው የቀረሽ።»

«ምነው ጨከንሽ፣ እታለም? እሳት ፊት መቀመጥ አቅቶኛል። ልጄን አይቼ ማጥባት አቅቶኛል።»

እናቴ ከውስጥ ሆና «ምነው ልጄ፣ ንቀይላት እንጂ! ሰው እያለቀሰ ዝም ይባላል?» አለች። ከሰው ሁሉ እሷ! የጎረቤታችን ራስ ጭኔ ላይ ነው፤ ፀጉሯ ይታየኛል፤ በአምስት ደቂቃ ላሳርፋት እችላለሁ። ለልጆች ሰሌዳ ላይ የምጽፍላቸው መከላከል እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን መጽሐፉ አይናገርም። እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆይታ ተነሳች፤ ልጇን አስተካክላ አዝላ ሄደች። እኔ ከበጎቹ ጉሮኖ ጀርባ ሄጄ በንዴት አለቀስኩ።

የምርመራው ቀን ያው ወጣት መጣ። ሰልፉ ሳይጀመር ሄጄ የካቻምናውን ነገርኩት። አላስታወሰኝም። «በቀን ስንት ሰው እንደማይ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። «እናቴ አንዲት ዓይን እንደነበረቻት ግን አውቃለሁ።» ቀና ብሎ ትንሽ አየኝና «እሺ፣ እጠይቃለሁ» አለ። እውነቱን ለመናገር ጠየቀ። ከመጀመሪያዋ ሴት ጀምሮ «ትነቅያለሽ ወይ?» እያለ ነበር።

እናቴ የጎረቤታችንን አራስ ልጅ ልትይዝላት አብራን መጥታ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። ጎረቤታችን ከቤት ጀምሮ አኩርፋኛለች፤ ከፊቴ ፊቷን አዙራ ነው የተሰለፈችው። ተራዋ ደርሶ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥና ብርሃኑ ሲበራባት ገባኝ። ዓይኗ ደርቋል። እብጠቱ ጎድሏል። እኔ እንቢ ብላት ማዶ መንደር ሄዳ አስነቅላለች።

«ፀጉር አይታየኝም» አለ መርማሪው። «ትነቅያለሽ?»

ወደ እኔ አየት አደረገች። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየች «አልነቅልም» አለች። እኔን ፈርታ ይሁን፣ ምላጩን ፈርታ ይሁን፣ ወይም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፍራ፣ እስካሁን አላውቅም። የሚጽፈው ሰው እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

«ውሸቷን ነው!» አልኩ። አልኩ ሳይሆን ጮኽኩ። «ትነቅላለች! ከልጅነቷ ጀምሮ እኔ ነኝ የነቀልኳት! ካቻምናም ነቅዬ ነው ያመጣኋት! ቆቧን ገልብጠውና እየው፣ እንዳትጽፍ!»

ጥበቃው ወደ እኔ መጣ፤ አንድ ሰው ክንዴን ያዘኝ። «አብዳለች» ያለም ነበር። ጎረቤታችን ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅሳለች። መርማሪው ግን እጁን አንስቶ ጥበቃውን አስቆመውና ማጉያውን ዓይኑ ላይ አወረደ። ነጠላውን ቀስ ብሎ ከፊቷ ገለጠ። ቆቡን ገለበጠው። በማንም ሴት ላይ ያልቆየውን ያህል ቆየ።

«የተሰበረ ሥር አለ» አለ። «ቆቡም ዞሯል፤ ሁለቱም ዓይን። ብሌኗ ገና ደህና ነው። ለቀዶ ሕክምና ጻፋት።»

ይዘዋት ወደ ውስጥ ሲገቡ ዞር ብላ ረገመችኝ፤ ትርገመኝ። ሄጄ እናቴ አጠገብ ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። ሕፃኑ እቅፏ ውስጥ ተኝቷል።

«ሊሠሯት ነው» አልኳት።

«ሰማሁ» አለች። «አገር ሁሉ ሰማ።» የሕፃኑን ራስ በመዳፏ ዳበሰችና ፊቷን ወደ ድምፄ መለሰች።

«ምነው ያኔ ለእኔ እንዲህ ሳትጮኺልኝ?» አለችኝ።

ልትወቅሰኝ ብላ አልነበረም። የማታውቀው ነገር ሆኖባት፣ ልታውቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ፤ መልሱን እንድነግራትም ፊቷን ከእኔ ሳታነሳ ጠበቀች።